ሦስት ትውልድ ወደ ማሻ

ወንድማማቾችን ከሚያጣሉ ነገሮች የመጀመሪያው ርስት መካፈል ነው ይባላል። እኛ ግን ባለፈው ዓመት እንደ ተረዳነው፥ ዕረፍትን በአንድነት የት እንደሚያሳልፉ መምረጥም ከርስት ክፍያ የማያንስ ክርክር ያስነሣል። ቤተሰባችን ዐሥራ አንድ ነፍስ ነው። ይኸውም ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናታችን፥ እኛ ልጆቻቸው ከነትዳር ጓደኞቻችን፥ ከዚያም የልጅ ልጆቻቸው ሲሆኑ፥ የሁሉ ታናሽ የሆነችው ሕፃን ገና ሁለት ዓመቷ ነው። በሮማ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ከስድስት ዓመት በኋላ ረዘም ያለ ፈቃድ ስላገኘ፥ ሁላችን ዐሥር ቀን አብረን የምንሰነብትበት ስፍራ ይመረጥ ተባለ።

ወንድማችን በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ እኛ ወደ ኢጣልያ እንድንሄድለት ነበር። ስለ ባሕሩ ዳርቻ፥ ስለ ባቡሩ ምቾት፥ ስለ ጥንታውያኑ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጻፈልን። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ስለ ነበረ የነቀፈው የለም፤ ዳሩ ግን የዐሥር ሰው የቪዛና የአውሮፕላን ዋጋ ተደምሮ በወረቀት ላይ በሰፈረ ጊዜ ነገሩ በራሱ ቆመ።

ከዚህ በኋላ ቤቱ ተከፈለ። ልጆቹ ሐዋሳን ወይም ላንጋኖን መረጡ፤ ውኃ አለ፥ ዓሣ አለ፥ መንገዱም አጭር ነው። ታናሽ እኅታችን ላሊበላን አነሣች፤ ሆኖም ከዐለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም መውጣትና መውረድ ስላለ፥ የእናታችን ጉልበት ይህን እንደማይችለው ራሷ ተናግራ ተወችው። እናታችን የሁሉን ሐሳብ በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፥ «እናንተ የወደዳችሁት ይሁን፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ማሻን ሳላይ መሞት አልወድም» አሉ። ስለ ላንጋኖ ከዚያ ወዲያ ለመናገር የደፈረ አልነበረም።

እናታችን የተወለዱት በማሻ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው ዐርፈው እዚያው ተቀበሩ፤ የቡና ነጋዴ የነበሩት አባታቸውም ልጃቸውን በበቅሎ አፈናጥጠው እስከ ጎሬ፥ ከጎሬም በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልተመለሱም። እኛም ስለ ማሻ የምናውቀው እናታችን ዝናብ በዘነበ ቁጥር «ይህማ ዝናብ ነውን?» ሲሉ የሰማነውን ብቻ ነበር።

ማሻን መረጥን ማለት ግን አሳባችን አለቀ ማለት አልነበረም። ማሻ የሸካ ዞን ከተማ ናት፤ ዞኑም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ጎልማሳ በሁለት ቀን ይደርስበታል፤ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር የሚሄድ ሰው ግን መንገዱን መቁጠር ያለበት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማረፊያ ነው። ስለዚህ አካሄዳችን በጅማ፥ በቦንጋ፥ በሚዛንና በቴፒ በኩል፥ መመለሻችን ደግሞ በጎሬና በመቱ በኩል እንዲሆን ቈረጥን። ከመነሣታችንም በፊት የመንገዱን ሰላም ከየከተማው ሰዎች በስልክ ጠየቅን።

ወንድማችን በታኅሣሥ እንሂድ ብሎ ነበር። ነገር ግን ታኅሣሥ የጾመ ነቢያት ወራት ከመሆኑም በላይ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። የማሻና የጎሬ አገር በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የሚወርድበት ስለ ሆነ፥ ዝናቡ ጋብ የሚልበትን ወራት መጠበቅ ግድ ነው። የተማሪዎቹ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ከጥር መጨረሻ ጋር ስለ ገጠመ፥ ከጥምቀት በኋላ እንድንነሣ ተስማማን።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ብዙውን ሌሊት የት እንደምናድር ነበር። ወንድማችን ሚዛንንና ቴፒን ወደደ፤ በእነዚያ ከተሞች ሆቴል አይጠፋም፥ አየሩም ሞቃት ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ስለሆነች የወባ ስጋት አለባት። ማሻ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ብርዱ ቢያስቸግርም ብርድን በጋቢ ይመክቱታል። ሕፃኗን ያየ ሐኪምም አጎበር እንዳይለየን፥ በቆላውም ብዙ ሌሊት እንዳናድር መከረን። በዚህ ምክር መሠረት ለሚዛን ሁለት ሌሊት፥ ለማሻ አራት ሌሊት መደብን፤ በቴፒም ምሳ ብቻ ልንበላ ወሰንን።

የጊቤን ሸለቆ ወርደን፥ ወጥተን፥ ጅማ አደርን። በማግስቱ ቦንጋ ገባን። ካፋ የቡና አገር መሆኑን ለልጆቹ ስንነግራቸው በትምህርት ቤት ስለ ሰሙት አልተደነቁም፤ የተደነቁት በጫካው ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ቡና በዓይናቸው ባዩ ጊዜ ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን ሲኬድ በሚገኘው በውሽውሽ የሻይ እርሻ አጠገብ ቆመን ቁርሳችንን በላን። አረንጓዴው ማሳ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል።

ሚዛን ላይ ነገሩ ሊበላሽ ነበር። ያረፍንበት ቤት በምድር ቤት ክፍል እንደሚሰጠን አስቀድሞ በስልክ ቃል ገብቶልን ሳለ፥ በደረስን ጊዜ የተሰጠን በሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር። እናታችን ደረጃውን ወጡ፤ በነጋው ጉልበታቸው አበጠ። ወንድማችን ተቈጣ፤ «ከዚህ ወደ ጅማ እንመለስ፥ ሐኪም ቤትም በዚያ ይሻላል» አለ። እኅታችን ደግሞ፥ «እዚህ ድረስ አምጥተን ብንመልሳቸው ጉልበታቸው ቢድን እንኳ ልባቸው አይድንም» ብላ መለሰች። በጓዳ የጀመረው ንግግር እስከ በረንዳው ተሰማ። እናታችን በመጨረሻ አስጠሩንና፥ «የታመመው ጉልበቴ ነው፤ የምሄደው ግን በመኪና ነው» አሉን። በሚዛን ያገኘነው ሐኪም መርምሮ፥ እብጠቱ ከድካም መሆኑን ነግሮን መድኃኒት ሰጣቸውና አንድ ቀን እንዲያርፉ አዘዘ። ከሽማግሌ ጋር የሚጓዝ ቤተሰብ ስለ ምድር ቤት ክፍል አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ቢጠይቅ እንመክራለን።

እርሳቸው ባረፉበት ቀን ከመካከላችን የቀሩት ልጆቹን ይዘው ወደ በበቃ ሄዱ። የበበቃ የቡና እርሻ በአገራችን ካሉት ሰፋፊዎቹ አንዱ ስለ ሆነ፥ በመኪና ሲሄዱ ቡናው አያልቅም። የመጨረሻው እሸት ተለቅሞ በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር። በዚህ አካባቢ ሳለን ለልጆቹ የጌሻን ቡና ታሪክ ነገርናቸው። ዘሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከዚህ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወስዶ፥ በኬንያና በታንዛንያ በኩል ዞሮ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1996 ዓ.ም. በፓናማ በተደረገ ውድድር አሸንፎ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ በሮማ አንድ ሱቅ ውስጥ የዚህን ቡና ዋጋ አይቶ ሳይገዛ መውጣቱን አጫወተን።

ከቴፒ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ጌጫን እስክናልፍ ድረስ አየሩ በየዙሩ እየቀዘቀዘ፥ ልጆቹም አንድ በአንድ ሹራባቸውን እየለበሱ ሄዱ። ጫካው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተጋጥሞ ይቆማል፤ ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እያንዠረገጉ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፤ የንብ ቀፎዎችም በረጃጅም ዛፎች ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ደኑን ከመዝገቡ በፊት የጠበቀው ሕዝቡ ነው፤ ሸካዎች ዛፍ የማይቆረጥባቸው የተከበሩ የደን ስፍራዎች ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዙሪያ የቆመውን ዛፍ የምናከብር እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም። ከዚህ ደን የሚወጡት ወንዞች ባሮን እየመገቡ ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳሉ፤ ከልጆቹ አንዱ «ታዲያ ዓባይ ከጣና ብቻ ነው ያላችሁን?» ብሎ ወቀሰን።

ማሻ በጉም ተሸፍና ተቀበለችን። እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ፥ ቀርከሃው ከኮረብታው ላይ ይታያል። እናታችን ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም፥ «ምንም አላውቅም» አሉ። ያን ሌሊት ከእኛ መካከል በደንብ የተኛ የለም፤ ይህን ያህል መንገድ ያመጣናቸው የማያውቁትን አገር ለማሳየት ነውን እያልን አሰብን።

በማግስቱ ዓርብ ነበረ። ቆጮ በጎመን በላን፤ ከዚያም ገበያ ወጣን። ኮረሪማና ጥምዝ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ለእናታችን በሸክኛ አንድ ነገር ተናገረች። እናታችን ሳያስቡት በዚያው ቋንቋ መለሱላት፤ ወዲያውም በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ከስድስት ዓመታቸው ወዲህ ያልተናገሩት ቃል ነበረ። ምን ማለት እንደ ሆነ ልጆቹ ቢለምኗቸው ሊነግሯቸው አልፈቀዱም፤ ሁለቱ አሮጊቶች ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳቁ።

ቅዳሜ ጧት ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩን ፈለግን። እናታችን የሚያስታውሱት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፥ በዝግባ ሥር መሆኑን ነው። በምሥራቅ በኩል ግን ሦስት ዝግባዎች ቆመዋል፤ በድንጋይም የተጻፈ ስም የለም። ደብሩን ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ካህን፥ በዚያ ዘመን የተቀበሩት ብዙዎቹ ምልክታቸው እንደ ጠፋ በትሕትና ነገሩን። ወንድማችን መዝገብ ይኖር እንደ ሆነ፥ የሚያስታውስም ሰው ይገኝ እንደ ሆነ ደጋግሞ ጠየቀ። እናታችን ግን፥ «ተወው ልጄ፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉና በሦስቱ ዛፎች መካከል ወንበር እንድናደርግላቸው አዘዙ። ካህኑ በዚያው ቆመው ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። የአያታችን የክርስትና ስም ሲጠራ ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት። ሕፃኗ በእናታችን ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

በማሻ የቀሩትን ቀናት ምንም ሳንሠራ አሳለፍናቸው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያካፋ ነበር፤ እኛም ማር እየቀመስን እናታችን ስለ አባታቸው በቅሎ ሲያወሩ እንሰማለን። ወንድማችን ይህን ሁሉ በስልኩ ቀረጸው።

ስንመለስ በጎሬ ቆምን። ይህች ከተማ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የመሩት መንግሥት መቀመጫ የሆነች፥ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ለጠላት አልገዛም በማለታቸው በሰማዕትነት ያረፉባት ናት። እናታችን በልጅነታቸው ከበቅሎ ወርደው በጭነት መኪና ላይ የወጡት በየትኛው ስፍራ እንደ ሆነ ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ማልቀሴን አስታውሳለሁ፤ ሲጭኑኝ አባቴ በነጠላው ሸፈነኝ» አሉ። ወንድማችንም ከመኪናው ወርዶ ጋቢውን በጉልበታቸው ላይ አለበሳቸው፤ ከዚያም ወደ መቱ ጉዟችንን ቀጠልን።