የአራስ ብርድ

አራስን ብርድ እንዳይመታት መጠበቅ ከእናቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። በሰፈራችን በአብነትም አንዲት ሴት ወልዳ ወደ ቤቷ ስትገባ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከሸማ ተራ የተገዛው ጋቢ ይደረብላታል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ነገር ግን በቀዶ ሕክምና የምትወልደውን ሴት ብርዱ የሚያገኛት ይህ ሁሉ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመም እንዳይሰማት በጀርባዋ የማደንዘዣ መርፌ ስትወጋ የታችኛው አካሏ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በውስጥ ተጠብቆ የነበረውም ሙቀት ከደሙ ጋር ወደ እግሮቿ ይወርዳል። በዚህም ላይ የክፍሉ ቅዝቃዜ፣ የሆዷ መገለጥና ሳይሞቅ በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ ይጨመራሉ። የውስጥ ሙቀቷ ከ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ጉዳቱ በመንቀጥቀጥ ብቻ አይቀርም፤ ደሟ በሚገባ መርጋት ሊሳነው፣ ቁስሏም ሊያመረቅዝ ይችላል። በደረቷ የምታቅፈው ሕፃንም ከእርሷ የሚያገኘው ሙቀት ይቀንስበታል።

ይህ ብርድ አታላይ ነው። በአንድ ሆስፒታል የጎረቤታችንን ሚስት ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ አንዲት ባልቴት እግሯን ዳብሰው «ተመስገን፣ ሞቋል» አሉ፤ ነርሷ ግን ቴርሞሜትሩን ተመልክታ ሌላ ብርድ ልብስ አስመጣች። ደሙ ወደ እግር ስለ ወረደ እግር ይሞቃል፤ ውስጡ ግን ይቀዘቅዛል። ወላዷም ራሷ «አልበረደኝም» ልትል ትችላለች። ስለዚህ የሚታመነው ዳሰሳ ሳይሆን ልኬት ነው።

መከላከያው የታወቀ ነው፤ ይኸውም ወላዷን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምሮ መሸፈንና ማሞቅ፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ እስከ 37 ዲግሪ አሙቆ መስጠት፣ ሞቃት አየር የሚነፋ ብርድ ልብስ ካለ በእርሱ መጠቀም፣ ሙቀቷንም በየጊዜው መለካት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የመውለጃ ክፍል ሙቀት ከ25 ዲግሪ እንዳያንስ ይመክራል። በደነዘዘ እግር ላይ ፍል ውሃ የሞላበት ጠርሙስ ማኖር ግን አደገኛ ነው፤ ሳይሰማት ያቃጥላታልና።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የክረምቷንም ብርድ ሁላችን እናውቀዋለን። እንግዲህ በጀት የምንይዝ ሠራተኞች የፈሳሽ ማሞቂያውንና ቴርሞሜትሩን እንደ ትርፍ ዕቃ አንቁጠራቸው፤ መምህራንም ነገሩን ለተማሪዎቻችን እናስረዳ። ጋቢ ይዘን በሆስፒታል በር የምንቆም ዘመዶችም ከምሥራቹ ቀጥለን «ሙቀቷ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ።