ከጎጀብ እስከ ማንኪራ፦ የባለሀብት መኪና በከፋ መንገድ

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ቦንጋ ለመድረስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ ከጅማ በኋላ የሚቀረው 110 ያህሉ ነው። ጎጀብ ወንዝ የጅማና የከፋ ወሰን ስለሆነ ቅኝቱን ከድልድዩ እንጀምር። አስፋልቱ ከሸለቆው ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ጊምቦ ወረዳ ይወጣል። ዳገቱንና ኩርባውን ያየ ለስፖርት መኪና የተሠራ መንገድ ይመስለዋል። ከኩርባው ማዶ ግን ቡና የጫነ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና፣ መሀል መንገድ የቆመ ከብት ወይም ጎርፍ የበላው የአስፋልት ጠርዝ ሊገጥም ይችላል። ሰው በሰፈረበት ሁሉ ደግሞ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ።

የላምቦርጊኒ ሁራካን ሆድ ከመሬት የሚርቀው 13 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ኩባንያው ለጠጠር መንገድ ያሰበውን ስቴራቶ የተባለ ዓይነት በ44 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ 17.1 ሳንቲ ሜትር አደረሰው። የፖርሽ 911 ዳካር 16.1 ሆኖ፣ ሲያስፈልግ እስከ 19.1 ይነሣል። ከስቴራቶ 1,499፣ ከዳካር 2,500 ብቻ እንዲሠሩ ተወስኖ ነበር። ቶዮታ ላንድክሩዘር ይህ ሁሉ ወሬ ሳይነሣለት 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ አለው።

ቦንጋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በኮረብቶች የተዘረጋች ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆናለች፤ የሆቴሎቿን ግቢ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ የሚነበበው ታርጋ ነው። ኮድ 4 የመንግሥት፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 2 የግል። ላንድክሩዘር ቪ8 ብዙ ጊዜ ኮድ 4 ሆኖ ስለሚታይ ሰው ከሹመት ጋር ነው የሚያያይዘው። ኮድ 3 ፒካፕ ከሆነ ባለቤቱ የቡና እርሻ ያለው ኢንቨስተር ይሆናል ብሎ መገመት ብዙ አያሳስትም። ቪ8 በኮድ 2 ሲቆም ግን ዘበኛው ራሱ በር ለመክፈት ይፈጥናል።

በዓለም ገበያ የባለሀብት መኪና ፉክክር ትልልቆቹ ስሞች ፌራሪና ላምቦርጊኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፌራሪ 13,752፣ ላምቦርጊኒ 10,687 መኪና አስረክበዋል። እዚያ ገዢው ድምፁን፣ የሲሊንደሩን ብዛትና የወረፋውን ርዝመት ያወዳድራል፤ ፌራሪ ደግሞ በቁጥር የተወሰኑ ሞዴሎቹን ለነባር ደንበኞቹ ያስቀድማል። በቦንጋ ግቢዎች ፉክክሩ የላንድክሩዘርና የኒሳን ፓትሮል ነው። በ2002 ዓ.ም. የመጣው ፓትሮል 5.6 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለው፤ በጉልበት ከናፍጣው ላንድክሩዘር ይበልጣል፣ ውስጡም አይተናነስም። ሆኖም ነጋዴው ወደ ላንድክሩዘሩ ያዘነብላል።

ምክንያቱ ከሆቴሉ ወጥተው ወደ ቡና መጋዘኖቹ ሲሄዱ ይገኛል። የቡና ነጋዴ በመኸር ወራት ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። መኪናው ሲቸግር ቶሎ የሚሸጥ መሆን አለበት፤ ለቶዮታ ደግሞ ገዢ አይጠፋም። ናፍጣውም ቢሆን ቡናውን የሚያመላልሱት የጭነት መኪኖች የሚቀዱት ነው። በእኔ ግምት ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ላቫጆው ጋ ጥቂት መቆም ይገባል። አጣቢው ውሃ ከመርጨቱ በፊት ፓራፋንጎው ሥር የተጋገረውን ቀይ ጭቃ በእንጨት ይፈነቅላል። ጭቃው ሲወርድ ሞላውና አሞርቲዘሩ ይታያሉ፤ ጎረቤት ያለው መካኒክ እነሱን መቀየር ያውቃል። ላምቦርጊኒ ኡሩስ ሆዱ ከመሬት እስከ 24.8 ሳንቲ ሜትር ስለሚነሣ በወረቀት ከላንድክሩዘር ይበልጣል። የሚያነሣው ግን የአየር ከረጢት ነው፤ እሱ የተቀደደ ቀን መኪናው በሎቤድ ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እዚያም ዕቃው ከውጭ ይጠበቃል።

ነዳጅ ማደያው አጠገብ ሒሳቡ ወደ ሕግ ይዞራል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አዲስ መኪና ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ ከሆነ 5 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ከሆነ 100 በመቶ እንዲከፍል ተደነገገ። በዚህ ሚዛን 3.3 ሊትሩ ላንድክሩዘርና 6.5 ሊትሩ ፌራሪ ፑሮሳንጉዌ አንድ መደብ ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ባለገንዘቡ የሚያማርጠው አገር ውስጥ ካለው አሮጌና ከኤሌክትሪኩ ነው። ኤሌክትሪኩ ለቦንጋ ውስጥ ይበቃል። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ግን 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ አምራቾቹ 500 እና 600 የሚሉት ርቀትም የጎጀብን ዳገት ከግምት አያስገባም።

ከከተማው ወደ ሚዛን የሚወስደው አስፋልት በውሽውሽ የሻይ እርሻ በኩል ያልፋል፤ እስከዚያ ማንኛውም መኪና ይሄዳል። በደቡብ በኩል ወደ ዴቻ ወረዳ ሲታጠፉ ግን ጠጠሩ ይጀምራል። በክረምት ጠጠሩ ጭቃ ሲሆን የቪ8ቱ ሰፊ ጎማና የሚያብረቀርቅ ሪም ለባለቤቱ ጭንቀት ነው። እዚህ የሚመረጠው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መልኩ እምብዛም ያልተለወጠው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። መስኮቱ በእጅ ይዘወራል፣ የኋላው ባሌስትራ ነው፣ ወንበሩ ይቆረቁራል።

የቡና መገኛ ነው የሚባለው የማንኪራ ጫካ በዚሁ በዴቻ በኩል ነው። የቪ8 ባለቤት ቦንጋ አቁሞት ሃርድቶፕ ቢከራይ ይሻለዋል። መንገዱ ከጠበበ በኋላ ሃርድቶፑንም ሞተር ሳይክል ይቀድመዋል፤ እንግዳው የመጨረሻውን ቁራጭ በእግሩ ይገባል።