ከማገገሚያ መልስ፣ ቆቦ ላይ

የቆቦ ቀትር ሰውን ከመንገድ ጠርጎ ጥላ ሥር ያስገባል። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ከባጃጅና ከጭነት መኪና በቀር የሚንቀሳቀስ ሲጠፋ፣ የጫት ሻጮች ደጅ ግን ያን ጊዜ ይደምቃል። ቅጠሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል፤ ሻጯ በየመሐሉ በእፍኟ ውኃ ታርከፈክፍበታለች። ጫቱን ያመጣው መኪና ከተማውን እንዴት እየሰነጠቀ እንደገባ ያየ ሰው ሾፌሩን ይራገማል። ጥድፊያው ግን ከቅጠሉ የመጣ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባለው ደካማ ወገኑ ይለወጣል። የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ካቲኖንን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ነጋዴው ከዚያ በፊትም ጆንያውን ያረጥብ ነበር።

ከቅጠሉ ይልቅ ቃሚውን ሰው መከተል ይሻላል። ስድስት ሰዓት ላይ ሐራራ ይዞታል፤ ይነጫነጫል፣ ሰላምታ አይመልስም፣ የባጃጅ ሾፌር ከሆነ ለአምስት ብር መልስ ከተሳፋሪ ጋር ይጋጫል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያው ሰው መርቅኖ የማያውቀውን ሁሉ ወንድሜ ይላል። የሽንኩርት እርሻ ያቅዳል፣ የውኃ ፓምፕ ይገዛል፣ ጅዳ ያለውን ታናሹን አስመጥቶ ይድረዋል። ሲመሽ ዕቅዱ ከምርቃናው ጋር ይበተንና ሆዱን ይብሰዋል፤ እንቅልፍም እንቢ ስለሚለው ለጨብሲ፣ ከጫት በኋላ ለሚጠጣው መጠጥ፣ ወደ አረቄ ቤት ያቀናል። በማግስቱ ጫት ካላገኘ ሌሊቱን ዱካክ የሚሉት ቅዠት ያንገላታዋል። ይህን ዙር ባየሁ ቁጥር የሚያስፈራኝ ከቀኑ ይልቅ የማታው ነው። ብዙ ሰው ስለ ጫት ይጨቃጨቃል፤ ቤት የሚያፈርሰው ግን ብዙ ጊዜ ጨብሲው ነው።

ጫት የቃመ ሁሉ ሱሰኛ እንዳልሆነ ወሎ ላይ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከቡናና ከዕጣን ጋር ለዱዓ የሚቅሙ አዛውንቶች አሉ፤ ዘመናቸውን ሙሉ ልክ አውቀው ኖረዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን ወንዶች 27ቱ፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ 12ቱ በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ማገገሚያ አያስፈልጋቸውም። ጥያቄው የሚያስፈልጋቸው የት እንዳሉ ነው።

ከቆቦ ለሱስ ሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ። 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወልድያን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ጳውሎስ፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ የግል ማዕከል ይገባል። ይህ ሰው በከተማው ውስጥ ሱስ ከሁሉ የባሰበት ሰው አይደለም። ከኋላው ሰው ያለው ነው። ከሳዑዲ ብር የሚልክ ወንድም፣ አዲስ አበባ አልጋ የምትሰጥ አክስት፣ ሥራዋን ጥላ አብራው የምትሳፈር እናት አለችው። የሚሄደውም ቤተሰቡ ሲፈራ ነው፤ ለብቻው ማውራት ሲጀምር፣ ጎረቤት ሊገድለኝ ነው ሲል፣ የእናቱን ጋቢ ሲሸጥ። አሥር ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ጠጥቶ፣ ዝም ብሎ የሚያድረውን አናጢ ማንም አይወስደውም፤ ማንንም አላስቸገረማ። ጉበቱ እስኪናገር ይጠበቃል።

ይህ የቆቦ ጠባይ ብቻ አይደለም። በጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ሥራ፣ መጠጥ ክፉኛ ከጎዳቸው ሰዎች ውስጥ ከ100 87ቱ አንድም ቀን እርዳታ ጠይቀው እንደማያውቁ አሳይቷል። አብዛኞቹም በራሳቸው ያፍሩ ነበር። በዓለምም ቢሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ አልኮልን ሳይጨምር፣ በዕፅ ሱስ ከተያዙ 11 ሰዎች ሕክምና የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነው። ለየብቻ ሲቆጠር ከወንዶች ከሰባት አንዱ ሲሆን፣ ከሴቶች ከ18 አንዷ ናት።

እዚህ የመጨረሻ ቁጥር ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ አገር አረቄውን የምታወጣው ሴት ናት፤ ቤቱን ከፍታ እስከ ሌሊት የምትቀዳው፣ ደንበኛ «አንቺም ቅመሺ» ሲላት እምቢ ብትል ገበያ የሚርቃት እሷ ናት። የመንገድ ዳር ቡና ቤት የምትሠራ ልጅም ከሾፌሮቹ ጋር ትቅማለች። እነዚህ ሲታመሙ ማን ይወስዳቸዋል? ወንዱ ሲሄድ «ለሥራ አዲስ አበባ ሄደ» ተብሎ ይሸፈንለታል። ሴቷ ከሄደች ልጆቿን ማን ይይዛል፣ ስሟንስ ማን ይሸፍንላታል? ስለዚህ አትሄድም። በሐኪሙ መዝገብ ላይ ስለሌለች ችግሩ የወንድ ይመስላል።

ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ግን ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ንስሐ አባቱ ይገዝቱታል። ለታቦት ይሳላል። ሙስሊሙ በሸሆቹ ፊት ቃል ይገባል። ረመዳን ሲገባ ቀኑ ሁሉ ከጫት ነፃ ይሆናል፤ ሁዳዴ ሲገባ «እስከ ፋሲካ አልቀምስም» ብሎ የሚምል ጠጪ በየሰፈሩ አለ፤ ብዙዎችም ይጠብቁታል። 55 ቀን ያለ አረቄ መዋል ትልቅ ነገር ነው፤ ያ ሰው ማቆም እንደሚችል ለራሱ አሳይቷል። የሱስ ሕክምና ተመራማሪዎች ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕክምና ውጤቱ አነስተኛ ነው ይላሉ። ከፋሲካ እስከ ዘጠና ቀን የሚቀረው 35 ቀን ነው። ንስሐ አባቶች ግዝቱን እስከ ሰኔ ቢያዘልቁት ምን ያህል ሰው እንደሚተርፍ ሳስብ እቆጫለሁ።

ጸበል ላይም እንዲሁ። ሕሙሙ እዚያ የሚቆየው ረጅም ጊዜ ነው፤ ከሚያውቀው ሰፈርና ከጓደኞቹ ይርቃል፣ በዙሪያው የሚጸልዩለት ሰዎች አሉ፣ ሌሊት ይነሣል፣ ሥርዓት ይይዛል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ማገገሚያ የሚሰጣቸው ነገሮች ናቸው። አንድ አደጋ ግን አለ፣ እሱንም በግልጽ መናገር ግድ ይለኛል። ለዓመታት ከማለዳ ጀምሮ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊሞት ይችላል። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን አንዳንዱ መቃዠት ይጀምራል፤ የሌለ ሰው ያያል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይሮጣል። ሰይጣኑ እየለቀቀ ነው ተብሎ የሚታሰረው ያን ጊዜ ነው፤ በጾም ላይ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ይህን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ 1፣ ውድም ብርቅም አይደለም። ሐኪም እያየው ለጥቂት ቀናት ከወሰደ በኋላ ጸበሉን በሰላም ሊጠመቅ ይችላል።

ለጫት እስካሁን ይኸ ነው የሚባል የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሐኪሙ እንቅልፉን ያስተካክላል፣ ድባቴ ካለ ያክማል፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ መድኃኒት ይሰጣል፤ የቀረው ንግግርና ጊዜ ነው። ለመጠጥ ፍላጎቱን የሚያበርዱ ወይም ሲጠጡ የሚያስመልሱ መድኃኒቶች አሉ። ታዲያ ይሠራል ወይ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱም ጎረቤት ከሚያወራው የተሻለ ነው። ከታከሙ ሰዎች ከ100 ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት አንድ ቀን ተመልሰው ይነካካሉ። ለደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘላቸው ሰዎችም ከ100 ከ50 እስከ 70ው ትእዛዙን አቋርጠው እንደገና ይብስባቸዋል። ደም ግፊቱ የተመለሰበትን ሽማግሌ ግን ማንም «ይኸው አልዳነም፣ ገንዘቡ ባከነ» አይለውም፤ ወደ ሐኪሙ መልሰው ይወስዱታል። አሜሪካ ውስጥ ከሱስ የተላቀቁ ሰዎች ከልብ ስንት ጊዜ ሞክረው እንደተላቀቁ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ተጠይቀው ነበር፤ ግማሽ ያህሉ በሁለት ሙከራ ወይም ከዚያ ባነሰ ተሳክቶላቸዋል። አንድ ጊዜ በወደቀ ልጅ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ቤተሰብ፣ ምናልባት አንድ ሙከራ ሲቀረው ነው የተወው።

የአሜሪካ ነገር ከተነሣ፣ እኔን ለብዙ ጊዜ ያሳሰበኝ ሌላ ጥናት አለ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ ወታደሮች እዚያው የሄሮይን ሱሰኛ ሆነው ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራቸው የተመለሱትን ተከታትላ አጠናች። እዚያ ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ የያዛቸው ከ100 አምስት ያህል ብቻ ነበሩ፤ በሦስት ዓመት ውስጥም 12 ገደማ። ብዙዎቹ የረባ ሕክምና እንኳ አላገኙም። ጦርነቱን፣ ፍርሃቱን፣ አብሯቸው የሚያጨሰውን ጓድና ሻጩን እዚያው ትተው መጥተዋል።

የእኛ ልጅ ጉዞ ይህን ገልብጦታል። እሱ ሕክምናውን አዲስ አበባ ትቶ ሱሱ ወደነበረበት ይመለሳል። መናኸሪያ ሲወርድ የሚያነሣው ባጃጅ የጓደኛው ነው። «እንኳን ደህና መጣህ» የሚባለው በግብዣ ነው፤ ግብዣውም ከሰዓት ጫት፣ ማታ አረቄ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሰው የሚወደውን ሰው የሚቀበልበትን ሌላ መንገድ ስላላዘጋጀለት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ቆቦ ራሷ ቁስለኛ ናት። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ገብቶባታል፣ በ2014 ነሐሴም ተመልሶ ገብቷል። ሬሳ ያነሣ ወጣት፣ ወንድሙን የቀበረ ጎረምሳ እንቅልፍ የሚያገኘው በመለኪያ እየሆነ መጣ። ከዚያም ወዲህ በክልሉ መንገድ ሲዘጋ የሐኪም ቀጠሮ አብሮ ይዘጋል፤ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለ ቀጠሮ ለቆቦ ልጅ የሌለ ያህል ነው።

በቆቦ ዙሪያ ያለው የራያ ገበሬ ከእኔ በላይ የሚያውቀው፣ ሱስን የሚመስል አንድ ጠላት አለ፦ አቀንጭራ የሚባለው አረም። ሐምራዊ አበባው ማሽላው መሐል ሲታይ ጉዳቱ ደርሶ አልቋል፤ ከመሬት በታች ሥሩ ላይ ተጣብቆ ሲመጠምጠው ሰንብቷል። የሚነቀለው የሚታየው ነው፤ ዘሩ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ተኝቶ ይጠብቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን እ.ኤ.አ. በ2009 ለዓለም የምግብ ሽልማት ያበቃቸው ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ ነው፤ አገራችን ከገቡት ዝርያዎች አንዱም በዚሁ በራያ ባለችው ከተማ ስም «ጎብየ» ይባላል። ደስ የሚለኝ አሠራሩ ነው። እነዚያ ማሽላዎች የተኛውን የአቀንጭራ ዘር አይገድሉም። የተለመደው ማሽላ ሥሩ የሚያመነጨውንና ዘሩን የሚቀሰቅሰውን ነገር በብዛት ስለማያመነጩ፣ ዘሩ አብዛኛው እንደተኛ ይቀራል። ከሱስ የተመለሰ ልጅም ዘሩን አፈሩ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ቀስቃሹን የምንሰጠው ወይም የምንከለክለው እኛ ነን።

ስለዚህ ስለ ማገገሚያ ሲወራ ሁሉም አልጋ ይቆጥራል፤ እኔ ግን ከመልስ በኋላ ያሉትን ወራት ልቆጥር እወዳለሁ። አልጋ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ሰሜን ወሎ ውስጥ ሰው የሚተኛበት ክፍል ቢኖር የስንቱን እናት የመንገድ ብር ባዳነ ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት የታከመ ልጅ ቆቦ ላይ ስድስተኛ ወሩን ማየት ካልቻለ ወጪው ሁሉ ውኃ በላው። አገራችን የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና ከስፔሻሊስት ሆስፒታል ወርዶ በጤና ጣቢያ ነርሶች እንዲሰጥ መንገድ መጥረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የዚያን ሐሳብ ፍሬ የቆቦ ሰው ሊያገኘው የሚገባው በወር አንድ ቀን፣ በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ ስሙ ሳይጮህ በሚጠራበት ቀጠሮ ነው። ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ሊገቡበት የሚችሉበት ሰዓት ይኑረው። በሆርማትና በጎሊና ዙሪያ ከከርሰ ምድር ውኃ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎችም ለተመለሰ ልጅ ከቀትር እስከ ማታ ያለውን ሰዓት የሚሞላ ሥራ ቢሰጡት፣ ክፉውን ሰዓት አብረውት አለፉ ማለት ነው።

ሽማግሌዎቻችንም አሉ። በራያ ቆቦ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቀው ዘወልድ የከበደ ነገር ሲፈታ ኖሯል። ልጁ የሰረቀው በግ ባለቤት፣ የሰደባት አክስት፣ የመታት እናት አሉ፤ ከእነሱ ጋር ሳይታረቅ የሚመለስበት ሰፈር የለውም። ደምን ያስታረቀ ሽማግሌ የበግ ዕዳ አያቅተውም።

እናንተም ቤተሰቦች፣ ልጃችሁ ከማገገሚያ ሲመለስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሰዓት በኋላ ብቻውን አትተዉት፤ ቢወድቅም ወደ ሐኪሙ መልሱት። ከማለዳ ጀምሮ አረቄ የሚጠጣ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ለማስቆም በወሰናችሁ ቀን በር ዘግታችሁ አታስሩት። ወደ ጸበልም ከመውሰዳችሁ በፊት መጀመሪያ ቆቦ ሆስፒታል አድርሱት።