ካሣ ስለሚባለው ስም

ስም ለተጠሪው መታወቂያው ነው፤ ለሰያሚው ግን የልቡ ምስክር ነው። ሞት የጎበኘው ቤት ኋላ የተወለደውን ልጅ ካሣ ወይም ምትኩ ይለዋል፤ በትግራይም ካሕሳይ ይባላል። ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስና በ1881 ዓ.ም. በመተማ የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ፥ ሁለቱም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ነበረ።

በዚያው ቆላ፥ በሽንፋ፥ ሁለት ልጆች በወባ የሞቱባት አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን ካሣ ልትለው ወደደች። እናቱ ግን ናታን አለችው። አሮጊቲቱም፦ «የዛሬ ልጆች ድምፁ ያማረውን እንጂ ምሥጢር ያለውን ስም አትሹም» ብላ ወቀሰቻት። ልጇም፦ «እማዬ፥ እኔ የቀበርሁት ልጅ የለኝም፤ ስለ ማን ካሣ እቀበላለሁ? ናታን ማለትም ሰጠ ማለት ነው» ብላ መለሰች።

ነገሩ እውነት ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት ከ1000 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 67 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ካሣ የሚባል ሕፃን ቢያንስ የአባቶች ልማድ ጠፋ ተብሎ ብቻ አይታዘንም፤ የትንንሽ መቃብሮችም ማነስ ነውና።

አሮጊቲቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፦ «እንግዲያስ ናታን ይሁን» አለች። ያን ጊዜ ልጇ፦ «የእነዚያስ ስማቸው ማን ነበረ?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ቀን በፊት ይህን የጠየቃት አልነበረም፤ እርስዋም ሁለቱንም እየጠራች ነገረቻት።

ለሕፃን አዲስ ስም ማውጣት አይከፋም፤ የሚከፋስ የሞቱትን ስም መርሳት ነው።