የልጄ መኪና ትንፋሽ

ልጄ ቱርቦ መኪናውን ይዞ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ሜዳ ይሄዳል። እናቱ አትወድም፤ እኔም አብሬው መሄድ የጀመርኩት እንድቆጣጠረው ብላ ልካኝ ነው።

አንድ ሐምሌ (የዚህ አገር ሐምሌ እሳት ነው) ጥቂት ዙር እንደነዳ መኪናው ጉልበት አጣ። «ነዳጁ ነው አባዬ» አለኝ። ስልኩ ላይ የተመዘገበውን አየሁት። የውሃው ሙቀት 90 ዲግሪ፣ ደህና ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግን 68 ደርሷል! በሴልሺየስ ያስደረግኩት እኔ ነኝ፤ ፋራናይት አልገባህ ብሎኛል።

ቱርቦ አየሩን ሲጨምቀው ያግለዋል፤ ማቀዝቀዝ የኢንተርኩለሩ ሥራ ነው። የጋለ አየር ስስ ነው፣ ኦክስጅኑም ያንሳል። ይባስ ብሎ ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ኮምፒውተሩ ይህን ፈርቶ እሳቱን ሲያዘገይ ነው ጉልበቱ የሚወርደው። አዲስ አበባ ታክሲ ስነዳ የማውቀው የውሃውን ጌጅ ብቻ ነበር።

አሁን ተስማምተናል። 60 ሲሞላ ነፋስ እንዲያገኝ አንድ ዙር በዝግታ ይነዳል። እንደጋለ ካቆመው ሙቀቱ ይብሳል።

ባለፈው ቅዳሜ 61 አየና ማንም ሳይነግረው ቀዝቅዞ ወጣ። እናቱ ስትደውል ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት።