እረኛውን ያስበላች ፊደል

ሰው አገሩን ለቅቆ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ልብሱንና ስንቁን ይዞ ይሄዳል፤ አንደበቱ ግን በኋላው ይቀርበታል። በወገኑ መካከል ተናጋሪ የነበረው በባዕድ አገር ዲዳ ይመስላል። ይህም ነገር ለሁሉ የከበደ ሲሆን ለጎረምሳ ይልቁን ይከብዳል። ሕፃን ስሕተቱን አያውቀውምና ሳያፍር ይለምዳል፤ ጎልማሳም የዕለት እንጀራው ስለሚያስገድደው እንደ ምንም ብሎ ይናገራል፤ ጎረምሳ ግን ከራብ ይልቅ ሳቅን ይፈራል።

ከወረታ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ በፎገራ ሜዳ የተወለደ የአንድ ልጅ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ፎገራ ከጣና በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ክረምት ሲሆን ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል፤ ውሃው ሲሸሽም በእርጥቡ መሬት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ በእነዚህ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ደግሞ ሩዝ የገበሬው ትልቅ አዝመራ ሆኗል። ልጁም ከጭቃው ውስጥ ሩዝ እያረመ፥ ላም እየጠበቀ አደገ። እናቱ በሕፃንነቱ ወደ ጀርመን አገር ሄዳ በፍራንክፈርት ከተማ በጽዳት ሥራ ትተዳደር ስለ ነበረ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። እኒህም አያቱ በወጣትነታቸው ዓባይን ተሻግረው፥ ቆሎ ተማሪ ሆነው፥ ጎጃም ዋሸራ ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። ለልጅ ልጃቸውም ዳዊት አስደግመውት ነበረ።

ልጁ 15 ዓመት ሲሆነው እናቱ ወሰደችው። ትምህርት ቤትም ከገባ በኋላ ከሶርያ፥ ከአፍጋኒስታንና ከዩክሬን ከመጡ ልጆች ጋር ለአዲስ መጤዎች በተለየው ክፍል ተቀመጠ። በዚያም ቋንቋ ስም ሁሉ ወንድ ወይም ሴት ወይም ሁለቱንም ያልሆነ ሦስተኛ ነው፤ ወንዱ «ዴር»፥ ሴቲቱ «ዲ»፥ ሦስተኛው «ዳስ» ይባላል። በአንድ ገበታ ላይ ከቀረቡት መካከል ማንኪያ ወንድ፥ ሹካ ሴት፥ ቢላዋ ሦስተኛ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ልጃገረድ ራሷ ከሦስተኛው ወገን መቈጠሯ ነው። ይህ ለምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ አጥና የሚል ነው።

ልጁም አጠና። ዳዊት የደገመ ልጅ ማጥናት አይገደውምና በጥቂት ወራት ውስጥ ቃሉን በደብተር ሞላው። ነገር ግን አይናገርም። መምህርቱ ስትጠይቀው መልሱን እያወቀ አንገቱን ይደፋል፤ በመንገድ የሚሰማው የከተማው ሰው አነጋገርም በክፍል ከተማረው ስለ ተለየበት የባሰ ፈራ። አጠገቡ የሚቀመጠው የሶርያ ልጅ ግን ዴሩን ከዳስ እየደባለቀ፥ ቃሉን እየሰባበረ፥ ከዳቦ ሻጩም ከአውቶቡስ ነጂውም ጋር ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። ልጁ በልቡ ይንቀው ነበረ፤ ዝም ያለ አይሳሳትም ብሎ ራሱን ያጽናናም ነበረ።

በዚህ መካከል እናቱ ሆዷን ታመመች። እርሷ የምታውቀው ጀርመንኛ የሥራ ቦታ ጥቂት ቃላት ስለ ነበረ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙም ጨጓራዋን በመሣሪያ ማየት እንደሚያስፈልግ ተናግሮ «ኀሙስ ጠዋት ኑሽተርን ሆና ትምጣ» አለ። ልጁ ይህን ቃል በደብተሩ ጽፎታል፤ ትርጕሙንም «ያልሰከረ» ብሎ ይዞታል። ነገሩ ግራ ቢገባውም ሐኪሙ «ገባህ ወይ?» ሲለው አለመረዳቱን መናገር አፈረና ራሱን ነቀነቀ።

ወጥተውም ሲሄዱ «እማ፥ መጠጥ ሳትቀምሺ ነይ ብለዋል» አላት። እናቱም «መች ቀምሼ ዐውቃለሁ ልጄ? ምን ሰምተውብኝ ይሆን?» ብላ አዘነች። ኀሙስ ጠዋት ሻይዋን ጠጥታ፥ ዳቦዋን በልታ፥ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ለካ ያ ቃል ሁለት ትርጕም ኖሮታል፤ አንዱ ያልሰከረ፥ ሁለተኛው እህል ውሃ ያልቀመሰ ማለት ነው። በልታ መምጣቷ በታወቀ ጊዜ ምርመራው ተከለከለ፤ ሌላ ቀጠሮ የተገኘውም ከ5 ሳምንት በኋላ ነበረ። ቀጠሮው ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ የልጁ ስሕተት ባልታወቀ ነበረ፤ እናቱ ጾመኛ ናትና። ልጁን ያቃጠለውም ይህ ነው፤ ያመለጠው ቃል በቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው የጾም ነገር ነበረ።

በእነዚያ ሳምንታት እናቱ ሌሊት ስታቃስት እየሰማ እርሱ ጭራሹን ዝም አለ፤ በትምህርት ቤትም አፉን አልከፈተም። እናቱ ስለ ተጨነቀች ወደ ወረታ ስልክ ደውላ ከአያቱ ጋር አገናኘችው። ልጁም የሆነውን ሁሉ ተናግሮ «አባባ፥ እኔ ይህ ቋንቋ አይሆንልኝም፤ ወደ እርስዎ ልመለስ» አለ። መሪጌታው ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ ይህን ነገሩት።

«እኔ የመጀመሪያዬን ጉባኤ ቃና ስቈጥር ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ዋልሁ። እረኛው አንበሳውን ገደለ ልል ነበረ። ማታ በጉባኤው መካከል ቆሜ ግን ‹ኖላዌ ቀተለ አንበሳ› ብዬ አሰማሁ። ኖላዊ ማለት ሲገባኝ ኖላዌ አልሁ፤ ሣልሱን ኃምስ ባደርገው ገዳዩ ተገዳይ ሆነ። ጉባኤው በሙሉ ሣቀ። የኔታም ‹አንተ ልጅ፥ እረኛውን አስበላኸው፤ እንግዲህ በጎቹን ማን ይጠብቃቸው?› አሉኝ። ያን ሌሊት ልጠፋ ስልቻዬን አነሣሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ፊደል እስከ ዛሬ ስቼ አላውቅም። ቅኔውን በልቤ ይዤው ቢሆን ኖሮ እረኛው እንደ ተበላ ይቀር ነበረ።»

ይህ የመሪጌታው ቃል በታሪክ ምስክር አለው። ከፎገራ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ በኩል በምትገኘው በጋፋት፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፥ ከባዝል ከተማ አጠገብ ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ተቀምጠው ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ያፈሱ ነበረ፤ እነርሱም አማርኛውን የለመዱት በባዕድ አገር እንግዳ ሆነው ነው። ከዚያም ቀድሞ የአምሐራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1652 ዓ.ም. ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ገብተው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በተገናኙ ጊዜ የመነጋገሪያ ድልድያቸው ግዕዝ ነበረ። ሉዶልፍ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሊቅ ሲሆን በአንድ መነኵሴ ፊት ተማሪ ሆኖ ጠየቀ፤ እንደዚያው አቈጣጠር በ1698 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ መጠየቅ ፍሬ ነው።

ልጁ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ደብተሩን ገልጦ የአያቱን እረኛ በጀርመንኛ ሊጽፈው ሞከረ። በዚያን ጊዜ ዐይኑ ተከፈተ። ገዳዩ «ዴር»፥ ተገዳዩ «ዴን» ነው፤ ለካ በሬና በን መካከል ያለው ልዩነት የኖላዊና የኖላዌ ልዩነት ነው! በነጋታው በክፍል እጁን አነሣና «እረኛው አንበሳውን ገደለ» የሚለውን ጥቍር ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ቀጥሎ የቃላቱን መጨረሻ ፊደላት ለወጠና እረኛውን አስበላው፤ የአያቱንም ታሪክ በተሰባበረ ቃል ተናገረ። ልጆቹ ሣቁ፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር ሣቀ።

ከዚያ በኋላ ሌላም ነገር አገኘ። በጀርመንኛ «ምክንያቱም» ከሚል ቃል በኋላ የሚመጣው ግሥ ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይሄዳል። የሶርያውና የዩክሬኑ ልጆች ቋንቋ ግሥን አስቀድሞ ስለሚናገር ይህ ያስቸግራቸዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ግሡን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ከእናቱ ጡት ጋር የለመደው ነው። ላልቶና ጠብቆ የሚለየውን «አለ»ን ያወቀ ልጅም፥ አንድ ቃል በአጣጣሉ ብቻ አንድ ጊዜ «ዞሮ ማለፍ»፥ አንድ ጊዜ «ገጭቶ መጣል» ሲሆን አይደነቅም። ሁለት ትርጕም ያለውን ቃል ሁሉ ኅብር ቃል ብሎ በደብተሩ ለብቻ ይጽፈው ጀመረ፤ በራሱም ላይ «ኑሽተርን»ን አኖረ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጊዜ ሐኪሙ ያዘዘውን ሁሉ «ሌላ ትርጕም አለው ወይ?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሐኪሙም ሳይሰለች በሌላ ቃል አስረዳው። እናቱ ጾማ ሄደች፤ የጨጓራ ቍስል ተገኘባትና በመድኃኒት ዳነች። ልጁም በሁለተኛው ዓመት ከአገሩ ተወላጆች ክፍል ገባ። ዛሬም ዴሩን ከዳስ ይደባልቃል፤ ግን አያቋርጥም።

እንግዲህ በባዕድ አገር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፥ ልጁ ዝም ሲል ሰነፍ ነው አትበሉት። እናንተም በልጅነታችሁ ያስበላችሁትን እረኛ ንገሩት።