ስለ ፌስታልና ስለ ቤት ቁጠባ

ቁጠባ ከድህነት የሚወለድ ቢመስልም እውነተኛ እናቱ ማስተዋል ናት። ባለጠጋም ቢሆን ድኻ፣ በእጁ የገባው ዕቃ ለምን ለምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ቤቱ አይጎድልበትም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ታላቅ ነገር አይደለም፤ በጉለሌ በምንኖርበት ቤት ከጓዳው በር ኋላ የተንጠለጠለ አንድ ትልቅ ፌስታል ነው። በውስጡም ሌሎች ፌስታሎች ታጥበው፣ ደርቀው፣ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። በከተማችን እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ የሌለበት ቤት ጥቂት ይመስለኛል።

ባለቤቴ ከእነዚህ አንዱን በሊጡ ዕቃ አፍ ላይ ታስረዋለች፤ አንዱን እንጀራው እንዳይደርቅ በመሶቡ ውስጥ ታለብሰዋለች። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ሲበረታ እኔ ዳዊቴን ጠቅልዬበት እሄዳለሁ። የሠፈሩ ልጆች በአሮጌ ካልሲ ጠቅጥቀው ኳስ ያበጁበታል። የመጨረሻ ዕጣው ግን ጥራጊ መያዝ ነው።

እኛ በቅኔ ቤት ሳለን ያለን ዕቃ በትከሻችን የምናንጠለጥለው አኮፋዳ ብቻ ነበረ። ሲቀደድ እንጠግነዋለን፤ ፈጽሞ ሲያረጅ ወደ አፈር ይመለሳል። አቁማዳውም፣ ስልቻውም፣ ቅሉም፣ ዘንቢሉም እንዲሁ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ያበጁት ማሰሮ ቢሰበር ገሉ አፈር ነው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሠሩትም ሸማ ቢያልቅ መሬት አይከብዳትም። የቀድሞ ሰዎች ዕቃቸውን ደጋግመው ይሠሩበት ነበር፤ ዕቃውም ተራው ሲደርስ ያልፍ ነበር።

ፌስታልንም ያወጣው ሰው ክፉ አላሰበም። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል የስዊድን መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱም በአሜሪካ በ1965 እ.ኤ.አ. ተመዘገበ። ልጁ እንደ ተናገረው የአባቱ አሳብ ለወረቀት ከረጢት የሚቆረጠውን ዛፍ ማዳን ነበር፤ እርሱ ራሱም ፌስታሉን አጥፎ በኪሱ ይይዝ ነበር። እንግዲህ በጓዳችን የምናደርገው የባለሞያውን አሳብ መፈጸም ነው፤ አንድ ጊዜ ይዞ መጣል ግን ከእርሱ የመጣ ትምህርት አይደለም።

አንጥረኛ ጌጥ ሊሠራ ሲሻ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ በጭቃም ይለብጠዋል። በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በስፍራውም ወርቁ ይገባል። ሰሙ አገልግሎ ያልፋል፣ ወርቁ ይኖራል። በፌስታል ግን ነገሩ ተገልብጧል። ወርቁ ዳቦ በአንድ ጧት ይበላል፤ ሰሙ ግን ሳይቀልጥ የልጅ ልጆቻችንን ይጠብቃል። ቢቀደድም ይደቃል እንጂ አይበሰብስም።

ጉዳቱንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ለበዓል በታረደ በግ ጨጓራ ውስጥ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ፌስታል ሲወጣ አይቻለሁ። በሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ የየመንደሩ ቦይ የሚደፈነው በእርሱ ነው። ይልቁንም የሚያሳዝነው ከሰል ለማያያዝ ፌስታል የሚያነዱ መኖራቸው ነው፤ ጢሱ መርዝ ነውና በምድጃ ዙሪያ የሚቀመጡትን እናቶችና ሕፃናት ይጎዳል። ትኩስ ወጥ በፌስታል መያዝም እንዲሁ መልካም አይደለም። ስለዚህ ደጋግሞ መሥራት ሁሉ ቁጠባ አይባልም።

መንግሥትም ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ፌስታል የማምረቻና የማስገቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ገበያው ግን እንዳልሰማ ሆኖ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታል ራሱ ተከለከለ። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ለባለቤቴ በነገርኳት ጊዜ፣ «አዋጁ ደግ ነው፤ ነገር ግን በቤት ያለውን ዛሬ ቢጥሉት ነገ ከወንዝ ዳር ያገኙታል» አለችኝ። እውነት ተናገረች። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ የጣልነውን ሁሉ ይዞ ወደ ታችኛው ሠፈር ይወስዳልና፣ ከደጃችን ያራቅነው ነገር ከወንድማችን ደጅ ደርሷል ማለት ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ አዲስ ፌስታል ከእንግዲህ ወደ ቤትህ አይግባ፤ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርድ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ከረጢት ያዝ። ነገር ግን ጨርቅም በቀላሉ አይገኝም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አንድ የጥጥ ከረጢት የምድርን ሙቀት በመጨመር ረገድ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሠራበት ስስ ፌስታል የተሻለ እንዲሆን 131 ጊዜ ሊያገለግል ይገባል፤ ፌስታሉ ጥራጊ የሚያዝበት ከሆነ ደግሞ ቍጥሩ 327 ይደርሳል። በየቅዳሜው ገበያ ለሚወጣ ሰው 131 ጊዜ ማለት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። እንግዲያስ የጨርቁን ከረጢት በየጊዜው የሚለዋውጥ ሰው ስሙን እንጂ ግብሩን አልለወጠም። በቤት የቀረውንም አሮጌ ፌስታል በመስክና በወንዝ አትበትነው፤ በእሳትም አታንድደው። ጥራጊህን ቋጥረህበት ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አስረክብ፤ የዘንቢልህም ጆሮ ሲበጠስ ስፋው እንጂ ሌላ አትግዛ።